በስሟ ጥሯት፣ እሷኑ ጠይቋት

በዚህ ወር የጽሑፉ ተራ ለኔ ስለደረሰ በልቤ ሲመላለስ የቆየውን ላካፍላችሁ። የማወራችሁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላላቸው ሰዎች ነው። አንዳንዶቻችን በምንሠራበት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ወይም ትልቅ ሰው አለ። ስንመጣ የተነገረን ጽዳትና ምግብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምንውለው ግን ከዚያ ሰው ጋር ነው።

2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 4ን እና 9ን አንብቡ። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ የአባቱና የአያቱ ሞት ተሰማ። ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀና እግሮቹ ሽባ ሆኑ። የሞግዚቷ ስም አልተጻፈም፤ እንደኛ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ከብዙ ዘመን በኋላ ዳዊት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ሲጠይቅ፣ ሲባ የሚባለው አገልጋይ እግሩ ሽባ የሆነ የዮናታን ልጅ እንዳለ ነገረው። ልብ በሉ፣ ሲባ ጉዳቱን ነገረ እንጂ ስሙን አልነገረም። ዳዊት ግን ሰውየው ፊቱ ሲቀርብ በስሙ ጠራው፣ ከልጆቹም ጋር በማዕዱ አስቀመጠው። የሜምፊቦስቴ ጉዳት የእግር ነው እንጂ የአእምሮ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ጉዳት።

ይሄ ነገር እኛን ይገባናል። በዚህ አገር ስንቶቻችን ነን «ቢንት» ወይም «ሀበሺያ» ብቻ የምንባለው? እንግዳ ሲመጣ እኛ እዚያው ቆመን ስለኛ ይወራል፤ «ጎበዝ ናት? ትሰማለች?» ይባላል። እኔ ያለሁበት ቤት ያለችውም ልጅ እንደዚያው ናት። 24 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድረም አለባት። (ስሟን የማልጽፈው የቤተሰብ ጉዳይ በወረቀት ተባዝቶ እንዳይዞር ብዬ ነው።) ዘመድ ሲመጣ እሷ ተቀምጣ እያለች እኔን «ዛሬ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «እሷን ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ግን ዞር ብሎ ይጠይቃታል። ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት!

አገር ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ እርግማን ነው ብሎ ጓዳ የሚደብቅ አለ። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ ጌታ የሱም የወላጆቹም አይደለም አለ። ዳውን ሲንድረም ከመወለድ በፊት የሚመጣ ነው፤ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን ነው። ይህንንም ፈረንሳይ ውስጥ ተመራማሪዎች በ1959 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። አይጋባም፣ የእናትም ጥፋት አይደለም።

አሁን ማርቆስ 10ን እዩ። ዕውሩ በርጤሜዎስ ሲጮህ ሕዝቡ ዝም በል አለው። ጌታ ግን ቆመ፣ አስጠራው፣ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። እንዴ፣ ዕውር ምን እንደሚፈልግ ጌታ ጠፍቶት ነው? አይደለም! ሰውየው በገዛ አፉ እንዲናገር አከበረው።

በሙያው ያሉ ሰዎችም ዛሬ የሚሉት ይህንኑ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ለነዚህ ሰዎች አራት ነገር አስቀመጠ፦ መብት፣ ራስን መቻል፣ ምርጫና ከማኅበረሰቡ ጋር መኖር። እቅዱ ከሰውየው ፍላጎት ይጀምር አለ። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም የት እና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ ዕድል ይኑራቸው ይላል፤ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀብላዋለች።

«እኛንስ የት እንደምንኖር ማን ጠየቀን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም ይህንን ሳውቅ ያው ጥያቄ መጣብኝ። ግን እህቶቼ፣ ሳይጠየቁ መኖር እንዴት እንደሚያም ከኛ በላይ የሚያውቅ ማን ነው? በኛ ላይ የተደረገውን ከኛ በታች ወዳለው አናውርደው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጠይቁና ጠብቁ። ሁለት ልብስ አሳይታችሁ «የቱን?» በሏት። ቃላችሁ አጭር ይሁን፣ አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። መልሱ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የምትችለውን አትንጠቋት። እኛ ጋ ያለችው ልጅ ዳቦዋ ላይ ለብነ መቀባት ለመልመድ ብዙ ሳምንት ፈጀባት። ማዳም ትቸኩልና «አንቺ ቶሎ ሥሪላት» ትለኛለች። «ማዳም፣ አምስት ደቂቃ ስጪን» እላታለሁ። ዛሬ ቀብታ፣ ኪያር ከትፋ ለአባቷም ታቀርባለች።

ሦስተኛ፣ እምቢታዋንም ስሙ። አልበላም፣ አልታጠብም ስትል «ሰይጣን ነው» ወይም «እልኸኛ ናት» አትበሉ። ጥርሷ ወይም ጆሮዋ አሟት መናገር አቅቷት ይሆናል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ የመስማትና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ይበዛባቸዋል። ጸልዩ፣ ለቤተሰቡም ንገሩ፣ ሐኪም ይያት። ገላዋን ስታጥቡም በሩን ዝጉ፤ ትልቅ ሴት ናት። ማንም ያለ ፈቃዷ እንዳይነካት እምቢ ማለትን ከናንተ ትማር።

አራተኛ፣ ስትሄዱ አንድ ወረቀት ትታችሁ ሂዱ። እኛ ኮንትራት ሲያልቅ እንሄዳለን፤ እሷ ግን በየሁለት ሦስት ዓመቱ የለመደችውን ሰው ታጣለች። አዲሷ ልጅ ምንም ሳታውቅ ትገባለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ስለዚህ ከሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰው የሚወድላት ምንድን ነው? ለሷ ትልቅ ነገር ምንድን ነው? እንዴትስ ቢረዷት ይሻላል? እኔ የጀመርኩት ወረቀት ላይ «ሳቋ ቤቱን ይሞላዋል፤ ቡናዋን በራሷ ስኒ ነው የምትወደው፤ የቫክዩም ድምፅ ያስፈራታል፣ ሳትከፍቺ በፊት ንገሪያት» ይላል። የመጨረሻውን ያስጻፈችኝ እሷ ናት። በአማርኛም በአረብኛም አድርጉት፤ ለቤተሰቡም ይጠቅማል።

ድካማችሁን አውቃለሁ። የደከመ እጅ ሻካራ ይሆናል፤ ስለዚህ ዕረፍት መጠየቅም ለሷ ማሰብ ነው። የሞግዚቷን ስም እኛ ባናውቀው እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ የናንተንም ያውቃል።

ጌታ ሆይ፣ ሰውን በስሙ የሚጠራ አፍ፣ መልሱንም የሚጠብቅ ጆሮ ስጠን። አሜን።

በጸሎታችሁ አስቡኝ። እህታችሁ።