ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምን ትበላለህ?

ልጄ፣ እናትህ ከኪዳን ስትመለስ አግኝታኝ ስለ ጾምህ አጫወተችኝ። ቀን ግንባታ ላይ ብሎኬት ስትሸከም ትውላለህ፤ ማለዳ ከጨለለቂ ሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሜዳ አትቀርም፤ እህል የምትቀምሰው ከመሸ ነው፤ እሱም ሻይና ሁለት ዳቦ። ሌሊት ተነሥተህ ትሰግዳለህ። ሰሞኑን ከስግደት ቀና ስትል ዓይንህ ላይ እንደሚጨልምብህም ነገረችኝ። በድምጿ ውስጥ ኩራትም ፍርሃትም ነበረበት።

ጾምህን ላስተውህ አልመጣሁም። በአንተ ዕድሜ ያለ ጎልማሳ ሁዳዴን ከዘወረደ ጀምሮ ይዞ መጻጉዕ ላይ ሲደርስ ማየት ደስ ይለኛል። ግን ዕድሜዬን በጤና ረዳትነት ከጊምቢ እስከ ሻምቡ በየጤና ጣቢያው ስሠራ ኖሬአለሁና በጾም ወራት ተደግፈው የሚመጡ ወጣቶችን አውቃቸዋለሁ። ብዙዎቹን የጣላቸው የጾሙ ርዝመት አልነበረም። ጾሙ በሚፈታበት በዘጠኝ ሰዓት የሚበሉት ነገር ነው የጣላቸው። ከጾምህ ይልቅ ስለ ማዕድህ እንድንነጋገር የፈለግሁት ለዚህ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበልህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዓምና ረቡዕና ዓርብን እንኳ እየዘለልህ ነበር፤ ዘንድሮ በአንድ ሰኞ ተነሥተህ የመነኩሴ ሥርዓት ያዝህ። ማን ፈቀደልህ? ገድል አንብበህ ነው ተባልሁ። ገድል ማንበብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የዋልድባ መነኮሳት እህል በማይገባበት ገዳም ከሙዝ ተክል ሥር የተዘጋጀ ቋርፍ እየበሉ እንደሚኖሩ ሰምተህ ይሆናል። እነሱ ግን ብቻቸውን አይደሉም። ማኅበር አላቸው፤ አበምኔት አላቸው፤ የሚጨምሩትም የሚቀንሱትም በተአዝዞ ነው። ብሎኬት ተሸክመውም አይውሉም። አንተ ከእነሱ የወሰድኸው ረኃቡን ብቻ ነው፤ መታዘዙን፣ ዕረፍቱን፣ የሚጠብቃቸውን ዓይን ተውኸው። ያለ ንስሐ አባት የተጀመረ ትሩፋት ውሎ አድሮ ወደ ትዕቢት ወይም ወደ አልጋ ሲያደርስ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለሥጋ እንዴት እንደምትጠነቀቅ ተመልከት። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከል ይለዋል፤ ዓላማውም የሥጋ ፈቃድ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ ነው። የሚታዘዝ ሥጋ ደግሞ በሕይወት ያለ፣ መቆም የሚችል ሥጋ ነው። የሐዋርያት ቀኖናም ዐቢይ ጾምን የማይጾመውን ሲወቅስ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ያወጣዋል። ከ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ውስጥ ቅዳሜና እሑድን አስብ፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር በእነዚህ ቀናት ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቆይም፤ ስግደትም የለም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ 50 ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ግን ሥርዓቱ የጾሙን ቀን ሲያበጅ የዕረፍቱንም አብሮ አበጅቶታል። አንተ ቅዳሜንም እሑድንም እስከ ማታ ስትቆይ ሥርዓት የጨመርህ መስሎህ ሥርዓት ታፈርሳለህ።

ነቢዩ ኤልያስን አስታውስ። ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ አንዴ በልቶ ሲተኛ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ የሄደው በዚያ ምግብ ኃይል ነው። ጌታም ሦስት ቀን አብሮት የቆየውን ሕዝብ በመንገድ እንዳይዝል ጾሙን አልሰደደውም፤ አብልቶ ነው የሸኘው። ስለ ሰው ጉልበት የተጨነቀው እሱ ራሱ ነው፤ አንተ ስለ ጉልበትህ ብታስብ እንደ እምነት ማነስ አትቁጠረው። ገበሬም በሬውን እያስራበ አያርስም።

አሁን ወደ ማዕዱ እንግባ። ሻይና ዳቦ የሚያሳስበኝ ለምን እንደሆነ በቁጥር ልንገርህ። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝም ብሎ ቢውል እንኳ በቀን ወደ 48 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል፤ እንዳንተ ተሸክሞና ሮጦ የሚውል ደግሞ ከ70 ግራም በላይ። ሁለት ዳቦ ከአሥር፣ ቢበዛ ከአሥራ አምስት ግራም አያልፍም። የቀረውን ሰውነትህ ከየት ያመጣዋል? ከጡንቻህ ይቆርጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ይሉሃል ይሄ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀለል ያለህ ይመስልሃል፤ በአራተኛው ደረጃ መውጣት ያቅትሃል።

እናቶቻችን ይህን ቁጥር አያውቁም ነበር፤ ማዕዳቸው ግን ያውቀው ነበር። የጾም ገበታቸውን አስታውሰው፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የሽምብራ አሳ፣ ጎመን። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወይም ሽምብራ ከ20 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን አለው። ጥራጥሬ የሚያንሰውን እህል ይሞላለታል፤ እህል የሚያንሰውን ጥራጥሬ ይሞላለታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ይህ በተለይ ለእኛ ለወለጋ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። የምንበላው አብዛኛው በቆሎ ነው፤ በቆሎ ደግሞ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸው የፕሮቲን ክፍሎች ሁለቱ ያንሱታል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል የፕሮቲን ጥራቱ በተሻሻለ በቆሎ ላይ የደከመው ለዚህ ነው። የበቆሎ ቂጣህን ብቻውን አትብላው፤ ባቄላ ወይም አተር ይከተለው። ዳንኤልና ሦስቱ ልጆች በባቢሎን ቤተ መንግሥት አሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው ከሌሎቹ ያማረው ያለ ነገር አይመስለኝም።

ስብም ያስፈልግሃል። አገራችን የኑግ አገር ናት። ኑግ ተቆልቶ ተወቅጦ ከእንጀራ ወይም ከቆሎ ጋር ሲበላ ጉልበት ነው፤ ተልባም እንዲሁ። አንጮቴን ደግሞ ለመስቀል ብቻ የተፈጠረ አድርገን ይዘነዋል። አባቶቻችን አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለወለደች ሴት ይሰጡት የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ካልሲየም በብዛት ካላቸው ሥራሥሮች አንዱ ነው። በቅቤና በአይብ መብላቱን ለምደነው እንጂ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በኑግ ዘይትና በበርበሬ ቢቀርብ ጾም አይሽርም። ገበያ ስታገኘው ለእናትህ ይዘህላት ግባ።

አንድ የሚከብድህን ነገር ልጨምር፤ ቡናውን። የቡና አገር ሰው ሆኜ ቡና አትጠጣ አልልህም። ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጎመኑና ከምስሩ ጋር እኩል ቡናም ሆነ ሻይ ስትጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት በሚገባ ወደ ደምህ እንዳይገባ ትከለክለዋለህ። ከዕፅዋት የሚገኝ ብረት ድሮም በቀላሉ አይገባም። ዓይንህ ላይ የሚጨልመው አንድም ከውኃና ከምግብ ማነስ ነው፤ ሁለትም ደምህ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር። መጀመሪያ ውኃ ቀስ ብለህ ጠጣ፤ ብላ፤ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ከምግቡ አይለይ፤ ብረቱን የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። ቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ አይሸሽህም። እዚህ ሰፈር ጾም እንደተያዘ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ በባዶ ሆድ ሦስት ሲኒ የሚጠጣበት ልማድ ያሳዝነኛል፤ ጨጓራ ያቃጠለው ስንቱን ነው!

ከበላህ በኋላ ደግሞ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ሌላ ማዕድ ይኑርህ። አንድ ጊዜ ብቻ መብላት ለአንተ ሥራ አይበቃም፤ ሥርዓቱም ይህን አያስገድድህም። ኳሱን በጾም ወራት ከማለዳ አንሣውና ከምግብ በኋላ ወደ ምሽት አድርገው፤ ጠንከር ያለውን ሩጫ ለቅዳሜና እሑድ ተወው። ብሎኬቱን ማሳነስ ካልቻልህ ስግደቱን ንስሐ አባትህ ይመጥኑልህ። የእንጀራህ ሥራ ነውና ለቤተሰብህ የምታፈሰውን ላብ እግዚአብሔር አይቆጥረውም ብለህ አታስብ።

ሥራ ላይ ሳለህ ላብህ ቀዝቅዞ ልብህ በኃይል ቢመታ፣ እጅህ ቢንቀጠቀጥ፣ ተቀመጥ፤ ጠጣ፤ ብላ። ከዚያ ማታ ሄደህ ለአባ ንገራቸው። ይህ ኃጢአት አይደለም። መወጣጫ ላይ ተሸክመህ ከወደቅህ ግን ከአንተም አልፎ ከሥርህ ያለውን ሰው ትጎዳለህ።

የታመሙትን በሚመለከት ትንሽ ልቆይ። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ኢንሱሊን እየወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ እየዋጠ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው በሰፈራችን አለ። ስኳሩ በድንገት ይወርድና ሰው ሳያየው ራሱን ይስታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እንዲህ ያለው ሰው ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም እኩል መናገር አለበት። ካህን ሲጠየቅ ጨክኖ አያውቅም፤ ችግሩ አለመጠየቃችን ነው። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ ይችላሉ ብለው በአደባባይ ሲያስተምሩ መድኃኒታቸውን አቋርጠው ለነበሩ ሰዎች ምን ያህል እፎይታ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችም ሕመምተኛውና መንገደኛው የረመዳንን ጾም በሌላ ቀን እንዲተካ ቁርኣን ይፈቅድላቸዋል። ሰው ከነድካሙ መሆኑን ያልተቀበለ የጾም ሥርዓት እኔ አላውቅም።

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ በሌላው ጫፍ አትውደቅ። ሌሊቱን ዶሮ፣ ንጋት ላይ ጥሬ ሥጋ፣ ረፋድ ላይ በቅቤ የራሰ ጩምቦ፤ ለ55 ቀን የእንስሳ ቅባት ያላየ አንጀት ይህን አይችለውም። በፋሲካ ማግሥት ጤና ጣቢያ የሚሞላው ለዚህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በመጀመሪያ ተልባ ጠጣ፤ አሮጊቶቹ ይህን ሲያደርጉ ያየሃቸው በልማድ ብቻ አይደለም። ከዚያ ጥቂት ጥቂት ጨምር። የወንዙም የጋራውም ሰው በአማርኛም በኦሮምኛም ይለዋል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ሱታ ሱታን ሀንቃቁን ሚላን ዴምቲ። በሃምሳዎቹ ቀናት ግን ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ አይቡን አትናቃቸው። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ደምንና ነርቭን የሚጠብቅ ነገር ከእንስሳት ምግብ እንጂ ከጎመንና ከክክ አይገኝም፤ ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ያስቀምጣል። የፍስክ ቀን ስንቅ የምትሰንቀው ያኔ ነው። ሰኔ ላይ ጾመ ሐዋርያት፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ፣ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይከተላሉ፤ ሁሉንም በሙሉ ጉልበት እንድትደርስባቸው እፈልጋለሁ።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አባ ሂድና የያዝኸውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ንገራቸው፤ ሥራህን፣ ሰዓትህን፣ ማዞሩን። ስትሄድ እህትህን ይዘሃት ሂድ። የሁለት ወር ልጅ እያጠባች ከአንተ እኩል እየቆየች እንደሆነ እናትህ በመጨረሻ ነው የነገረችኝ፤ ስለ አንተ አውርታ ስትጨርስ። እሷ በራሷ አፍ አትጠይቅም፤ ሰው ምን ይለኛል ትላለች። አንተ ጠይቅላት፤ አባም ብዪ ሲሏት በጆሮዋ ትስማ።