«150 ብለሽ ጻፊ»

ሲከነክነኝ የቆየ አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። በሽተኛ ሰው ሲዋሽ ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ቤይሩት የምሠራበት ቤት ያሉት ትልቋ ማዳም ስኳር አለባቸው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ጣታቸውን ወግቼ እለካና ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ማታ ልጃቸው መጥታ ታያለች። አንድ ቀን መለኪያው 310 አለ። ለካ ሌሊት ባቅላባ በልተዋል። እጄን ያዙና «150 ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ እንደ ሕፃን ትጮኽብኛለች» አሉኝ።

አሳዘኑኝ። ግን ሐኪሙ ኢንሱሊኑን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ያንን ደብተር አይቶ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ቢሆኑ የምጠየቀው እኔ ነኝ። 310 ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ጮኸች። ማዳም ሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ ከዚያ ወዲህ የጣፋጩን መጠቅለያ ትራስ ሥር መደበቅ ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ከደሴ ደወለ። እናቴም ስኳር አለባት። በደወልኩ ቁጥር «መድኃኒትሽን ዋጥሽ? ስኳር አልቀመስሽም አይደል?» እያልኩ እቆጣታለሁ። እሷም «ደህና ነኝ ልጄ» ትለኛለች። ለካ ብር እንዳታስቸግረኝ ብላ ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለለች ነው የምትውጠው። ጎረቤት ቡና ሲጠራትም «በሞቴ» ሲሏት እምቢ ማለት ያሳፍራትና ስኳር ያለበትን ትጠጣለች። እናቴም ለእኔ «150» ስትጽፍልኝ ኖራለች!

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ቁጥሩን መቀየር ልክ አይደለም፤ በሽታ በውሸት አይታከምም። ግን እውነቱን የተናገረ ሰው የሚያገኘው ቁጣ ብቻ ከሆነ፣ መዋሸትን ያስተማርነው እኛው ነን።

አሁን እናቴን መመርመሩን ትቼ «እማዬ፣ በዚህ ሳምንት ምኑ ከበደሽ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ዝም አለች። ቆይታ የክኒኑን ነገር ራሷ ነገረችኝ። አልተቆጣሁም፤ አብረን አለቀስን፣ ከዚያ ስለ ብሩ ተነጋገርን።

የማዳምን ልጅ «አትጩኺባቸው» ለማለት ግን አቅም የለኝም፤ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥሩንም እንዳለ እጽፋለሁ። ማታ ማታ ግን ሥራዬን ስጨርስ አጠገባቸው ትንሽ እቀመጣለሁ። ወደ ጣፋጩ የሚወስዳቸው ለካ ብቸኝነቱም ነው።

እኛስ እህቶቼ? ታመን ከርመን ቤት ስንደውል «ደህና ነኝ» እንል የለ? እውነቱን ብትነግሯት የማትቆጣ አንዲት ሰው ፈልጉ። ለሌላዋም እንደዚያ ሁኑላት።