ቡናን በአበባው መሸጥ

በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በየቡም ሆነ በጭራ፣ የቡና ገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ አንድ አሮጌ ውል ያውቃል። ክረምቱ ከብዶ፣ ጎተራው ጎድሎ፣ የልጆች ደብተርና የቤት ቀለብ ሲያስጨንቅ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ብቅ ይልና በጥቅምትና በኅዳር የሚለቀመውን ቡና ገና ዛፉ ላይ እያለ በርካሽ ይገዛዋል። ጭንቁ የባሰበት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ቡናው ነጭ አበባውን እንደለበሰ ይሸጠዋል። ፍሬው ሲቀላ፣ ዋጋውም ሲወጣ፣ ባለማሳው ቆሞ ከማየት በቀር ድርሻ የለውም። ሽማግሌዎች ይህን ውል የሚነቅፉት ነጋዴው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ገበሬው ተስማምቶ፣ ብሩን ቆጥሮ ተቀብሏል። የሚነቅፉት ገና ያልገባ ገንዘብ ዛሬ ስለሚታሰር፣ ነገ የሚቸገረው ሰው ደግሞ በውሉ ላይ ስላልተጠየቀ ነው። ልጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ በስልካችሁ ስለሚመጣው የደንበኝነት ክፍያ ነው፤ ፊልምና ኳስ ለማየት፣ ዕቃም ቶሎ ቤት እንዲደርስ በየወሩ ስለሚቆረጠው ገንዘብ። ይህም ክፍያ በብዙ መልኩ ቡናን በአበባው መሸጥ ነው። ሁልጊዜ ኪሳራ ነው አልልም። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ግን ማስታወቂያው በሚለካበት ሳይሆን በእኛ አገር ቁና መለካት ያስፈልጋል።

ይህ አከፋፈል ከየት እንደ መጣ እንይ። አማዞን ፕራይም የሚባለውን የፈጣን ማድረስ አባልነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ኔትፍሊክስ ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው። ሁለቱም የተወለዱት ደመወዝ በየወሩ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ባንክ በሚገባበት፣ የቤት ኪራዩም የመብራቱም ክፍያ በየወሩ ከዚያው ሒሳብ በሚወጣበት አገር፣ በአሜሪካ ነው። ገቢው በወር ስለሚመላለስ ወጪውም በወር ቢመላለስ አይጋጭም። በቡና ከተማ ግን ገንዘብ የሚመላለሰው በወር ሳይሆን በዓመት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባጃጁም ይሠራል፣ ልብስ ሰፊውም ቀጠሮ ይበዛበታል፣ ቆርቆሮና ሚስማር ሻጩም ይስቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያው ሰው ዱቤ መዝገብ ላይ ስሙን ያጽፋል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ የሆናችሁ እንኳ፣ በክረምት ከገጠር የሚመጣውን የዘመድ ጥያቄ ስታስቡት፣ ከዚህ ዑደት ውጭ አይደላችሁም። የወር ክፍያ ግን ክረምትና በጋ አያውቅም። በኅዳር ያላስተዋላችሁት መጠን በነሐሴ ጎን ይወጋል።

ይህ ክፍያ ለሻጩ የሚያተርፈው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሻጩ የሚያተርፈው በተጠቀማችሁበት ቀን ሳይሆን ባልተጠቀማችሁበት ቀን ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ያጠኑት የአሜሪካ የስፖርት ማዘውተሪያ አባላትን ነው። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት ሰዎች በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ይሄዱ ነበር፤ በጥናቱ ስሌት አንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው። በዚያው ቤት በአንድ ጉብኝት 10 ዶላር የሚያስገባ የ10 ጊዜ ትኬት እየተሸጠ! እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ሲፈርሙ ነገ የሚሆኑትን ሰው ዛሬ ከሆኑት ሰው የበረታ አድርገው ገመቱት እንጂ። እኛም የወር ክፍያ ስንገባ የምናስበው ያን ዕረፍት ያለውን፣ ሥራው የተቃለለለትን፣ መብራትም የማይጠፋበትን ሰው ነው። ያ ሰው በወር ስንት ቀን ቤታችን ይመጣል? ስለዚህ የወሩን ዋጋ ባለፈው ወር በእርግጥ በተጠቀማችሁበት ጊዜ ብዛት አካፍሉት። ዋጋው እሱ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው አይደለም።

ከዋጋውም በላይ ግን እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ስትረሱት ምን ይሆናል? አገራችን ሲረሱት የሚቆመውንም የማይቆመውንም አይታለች። ዲኤስቲቪ ካልተከፈለ ምስሉ ይቆማል፤ የሞባይል ጥቅልም ጊዜው ሲያልቅ ያልቃል። የቀረ ዳታ ሲቃጠል ያናድዳል፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የመርሳት ኪሳራው በዚያ ወር ታጥሮ ይቀራል። በሌላ በኩል በአጭር ቁጥር የሚመጡት የጽሑፍ መልእክቶች ነበሩ፦ የጥያቄና መልሱ፣ የጤና ምክሩ፣ የኳስ ዜናው። ብዙ ሰው መቼ እንደተመዘገበ እንኳ ሳያውቅ ሒሳቡ በየቀኑ ሲቆረጥ ኖሯል። በቀን 2 ብር ቢሆን በዓመት 730 ብር ነው፤ ማንም ተጠይቆ 730 ብር አውጥቶ የማይገዛውን ነገር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ብርም ይሄዳል፣ ግን ወደ ሌላ ሰው ቤት። የባሕር ማዶው ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አማዞንን ደንበኞችን ሳያውቁት ፕራይም ውስጥ ያስገባል፣ ለመውጣት ሲፈልጉም መንገዱን ያወሳስባል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሶት፣ ጉዳዩ በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል። ተምሮ፣ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ውል እያነበበ የሚፈርም ሕዝብ መውጫው ከጠፋበት እኛ ተጠንቅቀን ብንገባ ነውር የለውም። ዋጋውም ሲጀመር በነበረበት አልቆየም፤ 79 ዶላር የነበረው የፕራይም የዓመት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 139 ዶላር ደርሷል። ልማድ ከተያዘ በኋላ ዋጋ መጨመር ቀላል ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ ዋጋው ላይ የሚደረብ ነገር አለ። የመጀመሪያው ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 10 ዶላር የሚጠይቅ አገልግሎት ከ570 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ1000 ብር በላይ ሆነ፤ ፊልሙ ያው ነው፣ የጀንፈል ዋጋም በዚያው ቀን እጥፍ አልሆነም። ሁለተኛው ዳታ ነው። በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ፊልም ለማየት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለፊልም ቤቱ የምትከፍሉት የበሩን ነው፤ የመንገዱን ለቴሌ ትከፍላላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ከበሩ መንገዱ ይወደዳል። ሦስተኛው ብድር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ጥቅም ሰጥቷል፤ ለገበያ የወጣች እናት ገንዘብ በመቀነቷ ቋጥራ ከመሄድ ድናለች። በ2014 እንደኪሴና መላ የሚባሉት ብድሮች ሲመጡ ግን አንድ የጥንት ልጓም ላላ። ድሮ ኪስ ባዶ ሲሆን ግዢው ይቆም ነበር፤ አሁን የጎደለውን ብድር ይሞላዋል። ለዘር፣ ለሕክምና፣ ለሸቀጥ ይሁን። ፊልም ለማየት መበደር ግን ያ የክረምቱ ነጋዴ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው።

በከተሞቻችን የተሻለ አከፋፈል ሳናውቀው በእጃችን ነበር። የዲኤስቲቪ ቤቱን አስቡት። ኳስ ለማየት የመጣው ለአንድ ጨዋታ ይከፍላል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ይጮኻል፣ ይሄዳል። ጨዋታ የሌለበት ሳምንት ምንም አያስከፍለውም። የወሩን ክፍያ የሚሸከመው ባለቤቱ ነው፤ ለእሱ ግን መሥሪያው ስለሆነ እንደ ባጃጅ ጎማ ይቆጠርለታል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የአገራችንን ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ፣ በኋላም በ2013 የውድድር ዘመን ሊጉ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍና ጅማ ከአስተናጋጆቹ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ኳስን አንድ ላይ ማየት ሌላ ጣዕም እንዳለው ያላወቀ አልነበረም። ቤታችሁ ዲሽ ካላችሁ ደግሞ የእንግሊዝ ሊግ በሰኔና በሐምሌ አይጫወትም፤ ኪስ በሚሳሳበት ወቅት ኳሱም ማረፉ መልካም አጋጣሚ ነው፣ እናንተም ከክፍያው አብራችሁ ዕረፉ።

ፈጣን ማድረስን በተመለከተ ነገሩ ይለያል። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብና ዕቃ በሞተር ቤት ማድረስ ከተለመደ ቆይቷል፤ ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት ከተማ አንዱ ሞተረኛ በአንድ ሰዓት ብዙ በር ስለሚያንኳኳ ያዋጣዋል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ አጋሮ ደግሞ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል። ከመርካቶ በቴሌግራም የታዘዘ ዕቃ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው፦ ረዳቱ ይቀበላል፣ የታርጋ ቁጥር ይላካል፣ ተቀባዩ መናኸሪያ ወርዶ ይወስዳል። ክፍያው ለዚያው ዕቃ ነው፣ አባልነት የለውም። ነገ ይህን የሚያሳምር፣ በወር ይህን ያህል ክፈሉና ሁሉም ዕቃ በነጻ ይመጣላችኋል የሚል ድርጅት ቢመጣ አንድ ነገር አስተውሉ። በነጻ የሚመጣ ዕቃ አይኖርም፤ ቀድሞ ተከፍሎበታል፣ ያ የተከፈለው እንዳይቃጠል ደግሞ የማያስፈልገውን ሁሉ ታዝዛላችሁ። በጅማ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የነበረው ሻጭና ገዢ አንድ ቀን እንዲገናኙ ነው፤ እስከ ሐሙስ መጠበቁ ግን ሌላም ሥራ ይሠራ ነበር። ሰኞ ያማረን ነገር ሐሙስ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተረስቷል። ፍጥነት ገንዘብ የሚገባው መቆየት የሚያበላሸው ነገር ሲኖር ነው። መድኃኒት እንደዚያ ነው። በለቀማ ወቅት የመፈልፈያ ማሽኑ አንድ ብረት ቢሰበር፣ የተለቀመው እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት፣ ለዚያች ብረት እጥፍ መክፈል ብልህነት ነው። ይህ ግን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚያጋጥም ነው፤ ለሁለት ቀን ጥድፊያ የ12 ወር ግብር አይከፈልም።

ተቃውሞአችሁን እሰማለሁ። የወር ክፍያው የአንድ ሁለት ሲኒ ቡና ዋጋ ነው ትላላችሁ። ይህ ለትልቅ ከተማ ሰው የተጻፈ ማስታወቂያ ነው፤ በጅማ ቡና ለብቻ የሚጠጣ ዕቃ አይደለም፣ ጎረቤት የሚጠራበት ነው፣ ሲኒው ሲገለበጥም ሒሳቡ ይዘጋል። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ የዕድሩ ነው፦ ለዕድር በየወሩ እንከፍል የለ? ሳንጠቀምበት ዓመታት ያልፉ የለ? እውነት ነው። ዕድር ግን ባንጠቀምበት የምንደሰትበት ክፍያ ነው፤ የሚገዛው መደሰቻ ሳይሆን ሐዘን በመጣ ቀን ብቻን አለመሆንን ነው። መዝገቡ በሰፈር ሰው እጅ ነው፣ ገንዘቡም ከሰፈር አይወጣም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነትም ሌላ ነው፤ ቡናው በደንብ ከተሸጠ ለአባሉ ሁለተኛ ክፍያ ይመለስለታል። አባልነት የሚለው ቃል አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ የማከብረው ነው፦ ማንም ካልከፈለ ፊልም ሠሪው ምን ይብላ? በፍላሽ አስጭኖ ማየትን እንደ ብልሃት የምትቆጥሩ ካላችሁ አልደግፋችሁም፤ የቅጂ መብት አዋጁ ከ1996 ጀምሮ አለ፣ ሕጉ ባይኖር እንኳ የሰው ላብ ነው። መክፈል አለብን። ለወደዳችሁት ፊልም የሲኒማ ትኬት፣ ለወደዳችሁት ዘፋኝ የአልበሙን ዋጋ ክፈሉ። ከወር ክፍያው ለየትኛው ሥራ ምን ያህል እንደሚደርስ ከፋዩ አያይም፤ በትኬት ግን ለየትኛው ሥራ እንደከፈለ ያያል። ከልቡ በየቀኑ የሚጠቀምበት፣ ትምህርቱን በቪዲዮ የሚከታተል ተማሪ፣ ወይም እንግሊዝኛውን በዚያ ያሻሻለ፣ አካፍሎ ሲያየው ርካሽ ሆኖ ያገኘዋል፤ እሱ ይክፈል። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ቤት የምትከራዩ ተማሪዎችም ክፍያውን ተካፍላችሁ አብራችሁ ብታዩ ያዋጣችኋል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም ማየት ግን ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ደንበኝነት ለአንድ ቤት ነው የሚለውን ደንብ በሰፊው ማስከበር ስለጀመረ ብዙ አትተማመኑበት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጠይቃችሁ አንድ ማታ ነው። ስልካችሁን ክፈቱና ያለፉትን ሦስት ወራት የቴሌብርና የባንክ መልእክቶች ወደ ኋላ አንብቡ። በየወሩ የሚወጣውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አጠገቡ ስንት ቀን እንደተጠቀማችሁበት አስፍሩ፤ ከዚያ አጠገብ ደግሞ ብትረሱት ራሱ የሚቆም መሆኑንና አለመሆኑን። ራሱ የማይቆመውን በዚያው ማታ አቁሙት። ከሳምንት በኋላ ከናፈቃችሁ ተመለሱበት፤ በሩን ክፍት አድርገው ይጠብቋችኋል። የለቀማው ገንዘብ ኪስ ከገባ በኋላ ይህን ማድረግ ስለሚያሰንፍ ጥቅምት ሳይገባ አድርጉት።