ኖር የማይባልበት ወንበር

ስሙን ባታውቁት እንኳ ወንበሩን ታውቁታላችሁ። ፊልም ላይ የሀብታም ሳሎን ሲታይ ጥቁር ቆዳ ለብሶ፣ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ፣ ከነእግር ማሳረፊያው የሚቀመጠው እሱ ነው። የሠሩት ቻርልስና ሬይ ኢምስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ኸርማን ሚለር የተባለው ኩባንያ ገበያ ላይ አዋለው።

የሚገርመኝ የሠሪዎቹ ዓላማ ነው። ምርጡን ነገር ለብዙ ሰው፣ በትንሽ ዋጋ ማድረስ ነበር የሚፈልጉት። ወሬ ብቻም አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስስ እንጨት እየደራረቡ፣ በሙቀትና በግፊት እያጎበጡ፣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተጎዳ እግር መደገፊያ ሠርተዋል። ያ የቆሰለ ወታደር እግር ያቀፈ እንጨት የማጉበጥ ጥበብ ነው በኋላ የኛን ባለ ቆዳ ወንበር የወለደው።

ግን ይሄኛው በብራዚል ሮዝዉድ ተለብጦ መጣ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ታዲያ ቃላቸውን አጠፉ?

እኔ መጀመሪያ «አዎ፣ በደንብ!» ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች አንዱ ለወዳጃቸው ለፊልም ሠሪው ቢሊ ዋይልደር የተሰጠ ስጦታ ነበር። ለደከመው ወዳጅህ የምትችለውን ያህል ምቹ ነገር መሥራት ምን ነውር አለው? ምቾት ኃጢአት አይደለም። ለቁስለኛውም ለወዳጁም የተሠራው በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው፤ ሁለቱም ጋ መጀመሪያ የታሰበው የሚያርፈው ሰው ነው።

የሚበላሸው ሰውየው ከሐሳባችን ወጥቶ ወንበሩ ብቻ ሲቀር ነው። ለማረፍ ሳይሆን ለመታየት ስንገዛው።

እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብለን ብድግ እንላለን፤ እሱም «በእግዜር» ይላል። ዱካም ይሁን መደብ፣ መቀመጫው የሚከብረው ሲለቀቅ ነው። በዚህ ሚዛን ውዱን ወንበር መግዛት ብቻውን አያስወቅስም፣ ርካሹን መግዛትም ብቻውን አያስመሰግንም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የደከመው እንግዳ በር ላይ ሲቆም፣ ከዛ ወንበር ትነሣለህ ወይስ «ቆዳውን እንዳትነካብኝ» ትላለህ?

እኔ ገንዘቡም የለኝም፣ ወንበሩም የለኝም። ግን ቢኖረኝ ምን እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።