ወርቅ ይመሰክራልን?

የድሮ የአሜሪካ የወርቅ መሐለቆችን በምልክታቸው ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንደ እኔ በብዕሩ የሚያድር ሰው ወርቁን በእጁ ባይዳስስም መጻሕፍቱን ከማገላበጥ የሚከለክለው የለም። ደስታው እንቆቅልሽ የመፍታት ደስታ ነው። የተመታበት ዓመት፣ የንስሩ ክንፍ፣ የሴቲቱ ራስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰናፍጭ የምታህል አንዲት ፊደል ተገጣጥመው የመሐለቁን ማንነት ይናገራሉ። ለነገሩ ሙያው ለእኛም እንግዳ አይደለም። የማርትሬዛን ብር የሚቀበል ነጋዴ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የራሷን ዕንቁ ሳይመረምር ገንዘቡን ወደ ከረጢቱ አይከትም ነበር።

ዲ የምትባለውን የላቲን ፊደል እንውሰድ። መሐለቁ ከ1906 ወዲህ የተመታ ከሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲ ማለት ዴንቨር ነው። ከ1838 እስከ 1861 ባለው ጊዜ የተመታ ከሆነ ግን ዳህሎኔጋ ነው፤ በጆርጂያ ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ። በ1838ቱ የአምስት ዶላር መሐለቅ ላይ ፊደሏ ከዓመቱ በላይ፣ ከሴቲቱ አንገት ሥር ተቀምጣለች። ከ1840 ጀምሮ ወደ ጀርባው ዞራ ከንስሩ በታች ገብታለች። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት የተመቱት 20,583 ናቸው። ብርቅ ነው፣ ውድ ነው፣ ይላሉ መጻሕፍቱ። እዚህ ላይ ያበቃሉ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዳህሎኔጋ የሚለው ስም የመጣው ቢጫ ማለት ከሆነ የቼሮኪዎች ቃል ነው። ወርቁ የወጣው ከእነርሱ ምድር ነዋ! ቼሮኪዎች በዚያን ጊዜ ሕገ መንግሥትና ሸንጎ ያላቸው ሕዝብ ነበሩ። ሴኮያ የተባለ ሰው በ1821 ገደማ ፊደል ፈጥሮላቸው ነበር፤ እንደኛው ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውን ከነአናባቢው የሚይዝ። በ1828 በዚሁ ፊደል ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። በተከታዩ ዓመት የወርቁ ወሬ ተሰማና ቆፋሪው እንደ አንበጣ ወረዳቸው። ከቆፈሩት መካከል ጌቶቻቸው ያሰማሯቸው ባሪያዎችም ነበሩ። በ1832 የጆርጂያ መንግሥት የቼሮኪዎችን መሬት ለነጮች በዕጣ አከፋፈለ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪዎች ምድር ላይ እንደማይሠራ ፈርዶ ነበር፤ ፍርዱ ግን አላዳናቸውም። በ1835 መጨረሻ ጥቂት ሰዎች ሕዝቡ ሳይወክላቸው ምድሪቱን አሳልፎ የሚሰጥ ውል ፈረሙ። አለቃቸው ጆን ሮስ የብዙ ሺህ ሰው ስም የሰፈረበት አቤቱታ ይዘው ዋሺንግተን ድረስ ቢሄዱም ሰሚ አላገኙም።

አሁን ቀኖቹን እናስተያይ። የዳህሎኔጋ የገንዘብ መቅረጫ ቤት የመጀመሪያዎቹን መሐለቆች የመታው በኤፕሪል 1838 ነው። ወታደሮች በጆርጂያ ያሉትን ቼሮኪዎች ከየቤታቸው እያወጡ ወደ ማጎሪያ ካምፕ መንዳት የጀመሩት ሜይ 26 ቀን 1838 ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ በተነዱበት ጉዞ ሁሉ፣ ከካምፑ በሽታ ጋር፣ አራት ሺህ ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። በመሐለቁ ላይ ያለችው ሴት ነፃነት ትባላለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ ይህን መሐለቅ በአጉሊ መነጽር አይቶ «የ1838 ዳህሎኔጋ ነው» ያለ ሰው አውቆታል? አውቆታል የሚሉኝ ይኖራሉ። ሙያተኛው የተጠየቀው ምን እንደሆነ እንጂ ማን እንዳለቀሰበት አይደለም፤ ወርቅ ደግሞ ግዑዝ ነውና ኃጢአት የለበትም። ግዑዝነቱን እቀበላለሁ። ማንም መሐለቁን ይከሰስ አላለም። ነገር ግን ምልክት እያነበብኩ ነው የሚል ሰው ዋጋ የሚጨምሩትን ምልክቶች ብቻ መርጦ ካነበበ፣ የሚያነበው መሐለቁን ሳይሆን የገበያውን ዝርዝር ነው። ዓመቱና ከተማው እኮ ለሁለቱም ንባብ የሚያገለግሉ ያው ምልክቶች ናቸው።

በእርግጥ ምልክት ሁሉ ምስክር አይደለም፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። የ1861ዱ የዳህሎኔጋ የአንድ ዶላር መሐለቅ ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከኅብረቱ የተገነጠሉት ደቡቦች የመቅረጫ ቤቱን ይዘው፣ ባገኙት ማተሚያ ብረት፣ የከዱትን መንግሥት ስም እየቀረጹ መቱት። ስንት እንደመቱ መዝገብ አልያዙም። ሙያተኞች መሐለቁን ከሚለዩበት ምልክት አንዱ «ዩናይትድ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል መደብዘዙ ነው። «የተባበሩት» የሚለው ቃል በተገንጣዮች እጅ ራሱን አጣ ብሎ መፈላሰፍ እንዴት ያጓጓል! ዳሩ ግን ፊደሉ በ1860ውም መሐለቅ ላይ እንዲሁ የደበዘዘ ነው። ጉድለቱ የብረቱ ነው። በዚሁ መሐለቅ ላይ ያለችው ሴት የላባ ዘውድ መድፋቷ ግን አጋጣሚ አይደለም። ፊቷ የአውሮፓ፣ ላባው የአገሬው ተወላጅ ነው፤ ሰዎቹ ተባርረው ጌጣቸው ቀርቷል።

ሌላ የሚከብደኝ ነገር አለ። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ ወርቁን ለመንግሥት እንዲያስረክብ ሲያዙ፣ ለሰብሳቢዎች ልዩ ዋጋ ያላቸውን ብርቅ መሐለቆች ከትእዛዙ ነፃ አድርገው ነበር። የተረከበው መሐለቅ ቀልጦ ጡብ ሆነ። ጡብ ደግሞ ከየት እንደመጣ አይናገርም። እንግዲህ የዳህሎኔጋን ዲ እስከ ዛሬ ያቆየልን ያ የምነቅፈው፣ ለብርቅነት የሚስገበገበው ዓይን ጭምር ነው ማለት ነው። ሰብሳቢውን ለማመስገን ልቤ እሺ አይለኝም፤ እርሱ ባይኖር ግን ስለምን እጽፍ ነበር?

በጨረታ መዝገብ ላይ ክብደቱ 8.36 ግራም፣ ከአሥር ዘጠኝ እጁ ንጹሕ ወርቅ፣ ፊደሉ ከዓመቱ በላይ ተብሎ ይጻፋል። ከዚህ ቀጥሎ «ወታደሮቹ በመጡበት ዓመት፣ ከተባረሩት ሰዎች ምድር በወጣ ወርቅ የተመታ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ዋጋው ይወርድ ይሆን? ይወጣል ብዬ እፈራለሁ።