ሆዱን አጽዳ፣ ፊቱን ተው

ልጄ፣ የአባትህ ሰዓት አንተ እጅ መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። «ወስጄ እንደ አዲስ አስደርገዋለሁ» ማለትህን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሰዓት ስሠራ ኖሬ ካየሁት ጥፋት ብዙው የመጣው ከእርጅና ሳይሆን «እንደ አዲስ ይሁንልኝ» ከሚል ቅን ሐሳብ ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ የሰዓቱን ሆድ ገንዘብ ሳትሳሳ አስጸዳ፤ ፊቱን ግን ማንም እንዳይነካው።

በመጀመሪያ የያዝከውን እወቅ፤ የአባትህ ሰዓት የኦሜጋ ስፒድማስተር ነው። ኦሜጋ ስፒድማስተርን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ያኔ የታሰበው ለመኪና እሽቅድምድም ነበር። በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ጥቁር ቀለበት ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ፍጥነት መለኪያ ናቸው። የኪሎ ሜትር ምልክት ስታልፍ ቁልፉን ተጫን፣ ቀጣዩን ስታልፍ ደግመህ ተጫን፤ ረጅሙ ቆጣሪ 45ኛው ሰኮንድ ላይ ከቆመ ቀለበቱ 80 ይልሃል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር። ናሳ በማርች 1965 ፈትኖ ለጠፈርተኞቹ ተቀበለው። በ1969 በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ሲወርድ እጁ ላይ ነበር። ኒል አርምስትሮንግ የራሱን መንኮራኩሯ ውስጥ ትቶት ነው የወረደው፤ የመንኮራኩሯ ሰዓት ስለተበላሸ ምትክ እንዲሆን። በ1970 አፖሎ 13 አደጋ ላይ በወደቀች ጊዜ ደግሞ አቅጣጫዋን ለማረም ሞተሯ 14 ሰኮንድ መንደድ ነበረበት፤ ያንን የለካው ጠፈርተኛው ጃክ ስዊገርት በዚሁ ዓይነት ሰዓት ነው። ዕቃው ለሥራ የተሠራ ነውና ጭረቱ አያሳፍረውም።

የአባትህ ከ1968 በኋላ የወጣ ስለሆነ ማሽኑ 861 የሚባለው ነው። ከሱ በፊት የነበረው 321 በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታ ነበር፤ 861 ግን 21,600 ጊዜ ይመታል፣ በሰኮንድ ስድስት መሆኑ ነው። ሁለቱም መሠረታቸው የሌማንያ ፋብሪካ ነው። ሰብሳቢዎች 321ን ያወድሳሉ፣ ዋጋውንም ሰማይ አድርሰውታል። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የምሠራው እኔ ከሆንኩ ግን 861ን እመርጣለሁ፤ አሠራሩ ቀለል ያለ፣ ጠንካራ፣ ለማስተካከልም የማያስቸግር ነው። ስለዚህ «321 ቢሆን ኖሮ» እያልክ አትቆጭ።

«በደንብ እየሄደ ለምን ይከፈታል?» ትለኝ ይሆናል። ዘይት ሲደርቅ ሰዓት ወዲያው አይቆምም። ብረት ከብረት እየታሸ መሄዱን ይቀጥላል፤ የዘንጎቹ ቀጫጭን ጫፎች ይበላሉ፤ የሚወጣው ብናኝ ከደረቀው ዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ይሠራል። ሰዓቱ በራሱ ጊዜ የቆመ ዕለት የሚያስፈልገው ጽዳት ሳይሆን መለዋወጫ ነው። ኦሜጋ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ይታይ ይላል። የአንተው ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ለዘመናት ስለከረመ ባለሙያው ለመለካት ያህል ካላስነሣው በቀር አሁን አትሙላው።

ጥሩ ሠራተኛ ካቻቪቴ ከማንሣቱ በፊት ያዳምጣል። ሰዓቱን ማይክሮፎን ባለው መለኪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መለኪያውም በቀን ስንት ሰኮንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ፣ ምቱ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል መሆኑን፣ ባላንሱም፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ምቱን የሚሰጠው ጎማ፣ ምን ያህል ሰፍቶ እንደሚወዛወዝ ይነግረዋል። ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሰኮንዱ ብቻ ነው። አንተ ስለ ስፋቱ ጠይቅ። ሙሉ ተሞልቶ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲተኛ ከ270 እስከ 310 ዲግሪ ከተወዛወዘ ጤነኛ ነው፤ ለዚህ ዕድሜ 250ም አይከፋም፤ ከ220 በታች ከወረደ ደክሟል። ሰኮንድን ማሳመር ቀላል ነው፤ የባላንሱን ማስተካከያ በወረንጦ ነካ አድርጎ «ተሠርቷል» ብሎ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። ስፋቱን ግን ማስመሰል አይቻልም። ሲገባና ሲወጣ የነበረውን ቁጥር በወረቀት ተቀበል።

እውነተኛ ጽዳት ማለት ማሽኑ እስከ መጨረሻው ብሎን ተፈትቶ፣ በአልትራሶኒክ ማጠቢያ ታጥቦ፣ ዋናው ሞላ ተቀይሮ፣ እንደ ቦታው ዘይት ሲሰጠው ነው። ዘይቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፈጥነው ለሚዞሩት ዘንጎች ሞቢየስ 9010 የሚባለው ቀጭኑ፣ የጎማ ጥርስ እየያዙ ለሚለቁት የፓሌት ድንጋዮች 9415፣ ጭነት ለሚሸከሙት ቀርፋፋዎች ደግሞ ወፍራሙ ይገባል። መጠኑ በዓይን የማይታይ ያህል ነው፤ የበዛ ዘይት ካነሰው ያልተናነሰ ይጎዳል፣ ወደማይገባበት ይፈስሳልና። ክዳኑን ከፍቶ ዘይት ጠብ አድርጎ የሚመልስልህ ሰው ምንም አልሠራልህም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ክሮኖግራፍ ማለት አንዱ ማሽን በሌላው ላይ ተጭኖ ማለት ነው። የታችኛው ሰዓት ይቆጥራል፤ የላይኛው በጣትህ ትእዛዝ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የላይኛውን ቁልፍ ስትጫን፣ ሁልጊዜ የምትዞር አንዲት ትንሽ ጥርሳም ጎማ ተገፍታ ወደ መሃለኛው ጎማ ትጠጋለች፤ ጥርሶቻቸው ተያይዘው ረጅሙ ቆጣሪ ይነሣል። ጥበቡ ሁሉ ያለው በዚህች መጠጋት ውስጥ ነው። በጣም ከተጠጋች ሸክም ትሆናለች፤ ባላንሱ ይደክማል፣ ሰዓቱም ክሮኖግራፉ በተነሣ ቁጥር ይዘገያል። ከራቀች ደግሞ ጥርሶቹ ይንሸራተታሉ፣ ቆጣሪው ሲነሣ ይዘልላል፣ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ክሮኖግራፉ ሲነሣ የባላንሱ ስፋት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቢቀንስ ደንብ ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፈ አንድ ነገር እየጎተተ ነው።

ልኩን የሚወስኑት ኤክሰንትሪክ የሚባሉ፣ መሃላቸው ሆን ተብሎ ወደ ጎን የተደረገ ብሎኖች ናቸው። ችግሩ ተራ ብሎን መምሰላቸው ነው። የማያውቅ ሰው ማሽኑን ሲበትን እነሱንም ያዞራቸዋል፤ ያን ጊዜ ፋብሪካው ያስቀመጠው ልክ ይጠፋል፣ አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል፣ ሰዓቱም ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ ይንከራተታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሙያ የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። ስለዚህ ሠራተኛውን «ኤክሰንትሪኮቹን ትነካቸዋለህ?» በለው። «ካላስቸገረኝ አልነካቸውም» ካለህ ሰዓትህን ስጠው። «ሁሉንም ፈታትቼ እንደገና ነው የማስተካክለው» ካለህ አመስግነህ ውጣ።

ተሠርቶ ሲመለስልህ እዚያው ቆመህ ሞክረው። አስነሣ፣ አቁም፣ መልስ። ቆጣሪው ሳይዘልል መነሣት፣ ሲመለስም ልክ 12 ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከ12 ዘንበል ካለ ቆጣሪው በትክክል አልተጫነም ወይም ላልቷል። የደቂቃ መቁጠሪያው በ60ኛው ሰኮንድ ላይ ጠቅ ብሎ መሻገር አለበት። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ሕመም ደግሞ አለ፤ ክሮኖግራፉ ቆሞ ሳለ ከታች ያለችው የሰዓት መቁጠሪያ ቀስ ብላ ትንቀሳቀሳለች። 861 ላይ የታወቀ ነው። አንድ ሌሊት አሳድረህ ጠዋት እያት፤ ከዜሮ ከራቀች መልሰህ ውሰደው።

የሆዱ ነገር ይህ ነው። ፊቱ ግን ሌላ ሕግ አለው።

ጥቁሩ ገጽ ላይ ያሉት ምልክቶች በልጅነታቸው በጨለማ ያበሩ ነበር። ቀለማቸው ትሪቲየም ነው፤ በየአሥራ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ዛሬ አያበራም፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡና ቀለም ተለውጧል። «በአዲስ ቀለም እንሙላልህ» የሚልህ አይጠፋም። እምቢ በል። ያ ቢጫነት ቆጣሪዎቹና ገጹ አብረው ማርጀታቸውን የሚመሰክር ነው። በነገራችን ላይ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ሰዓት እጅህ ከገባ ቀለሙ ራዲየም ሊሆን ይችላል፤ እሱ እስከ 1,600 ዓመት ግማሽ ኃይሉን ይዞ የሚቆይ ነው። ቤት ውስጥ አትክፈተው፣ ብናኙንም አትፋቅ። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ የሰዓት ገጽ ሲቀቡ ከነበሩ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ በዚህ ቀለም ሞተዋል።

ገጽን መተው ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማየት የፊልም ተዋናዩን የፖል ኒውማንን ሮሌክስ ዴይቶና አስብ። ያ ዓይነት ገጽ በዘመኑ ገዢ ያጣ ነበር። ክዳኑ ላይ ሚስቱ «በጥንቃቄ ንዳ» የሚል ቃል አስቀርጻለት ነበር። ማንም ገጹን አልቀየረውም፣ ጽሑፉንም ወልውሎ አላጠፋውም፤ በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። የአንተ ያን አያወጣም፣ አትሞኝ። ግን የአባትህ ስም ክዳኑ ላይ ካለ ከወልዋይ ሞተር አርቀው።

ስለ መወልወል ጥብቅ ነኝ። የስፒድማስተር ማሰሪያ የሚያያዝባቸው እግሮች ተጠማዝዘው የሚወርዱ፣ ጠርዛቸው የሾለ ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱ ውልወላ ብረት ይወስዳል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። የሄደውን ብረት በሌዘር ብየዳ ሞልቶ እንደገና ማውጣት የሚችሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፣ ዋናውም አይመለስም። ልትወለውለው የምትችለው አንድ ነገር ብቻ አለ፦ መስታወቱን። ሄሳላይት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ጭረቱ በማለስለሻ ቅባት ይጠፋል። መሃሉ ላይ በማጉያ መነጽር ካየህ ደቃቅ የኦሜጋ ምልክት ታገኛለህ።

በተቃራኒው ጽንፍ መሄድም አለ። በኖቬምበር 2021 ጄኔቫ ውስጥ አንድ የ1957 ስፒድማስተር፣ ገጹ ወደ ቡናማ ተለውጦ፣ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አወጣ። የገዛው ኦሜጋ ራሱ ለሙዚየሙ ነበር። በ2023 ግን ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍል ተለቃቅሞ የተገጣጠመ መሆኑን፣ የራሱ የቀድሞ ሠራተኞች እጅም እንዳለበት ኩባንያው ይፋ አደረገ። ስለዚህ አንተም «ኦሪጅናል ይሁን» ብለህ ከዚህም ከዚያም አሮጌ ክፍል እየገዛህ አትግጠም። አባትህ ያሰረውን እንዳለ ያዝ።

ከተሠራ በኋላ ያለውን አያያዝ ባጭሩ ልንገርህ። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ሙላው፤ ሲጠነክርብህ አቁም። ይዘህ አትዋኝ፣ እጅህ እርጥብ ሳለም ቁልፎቹን አትጫን። ክሮኖግራፉ እየሄደ የታችኛውን ቁልፍ አትጫን፤ መጀመሪያ አቁመው። ድንገት በቀን ደቂቃዎች መቅደም ከጀመረ አትደንግጥ፤ ከስልክ፣ ከድምፅ ማጉያ ወይም ማግኔት ካለው የቦርሳ ክዳን መግነጢስ ወስዶ ይሆናል፣ ሠራተኛ በአንድ አፍታ ያወጣለታል። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ብታስተካክለውም ምንም አይሆንም፤ ቀን የሚያሳይ መስኮት ስለሌለው። ቀን የሚያሳይ ክሮኖግራፍ ካለህ ግን ቀኑ የሚዞረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ መሆኑን አስብ። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ስታስተካክለው ከሁለቱ 12 ሰዓቶች የማለዳውን ምረጥ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሦስት ሦስት ሰዓታትም ቀኑን በፈጣን ማስተካከያው አትቀይር፤ ጥርሶቹ ሊሰበሩ ይችላሉ።

የት እንደምትወስደው አንተ ወስን። ስዋች ግሩፕ፣ የኦሜጋ ባለቤት፣ ፈቃድ ከሰጣቸው ሠራተኞች በቀር መለዋወጫ ለማንም አይሸጥምና ሰፈር ያለው ባትሪ ቀያሪ ቅን ሰው ቢሆንም የሚገጥመው ላያገኝ ይችላል። ወደ ፋብሪካው ከላክኸው ደግሞ ካልከለከልካቸው ገጹን፣ ቆጣሪዎቹንና ቀለበቱን በአዲስ ሊተኩልህ ይችላሉ። አሮጌው ቀለበት፣ በተለይ ከ90 ቁጥር በላይ ነጥብ ያለበት ከሆነ፣ ብቻውን የአንድ ጥሩ ሰዓት ዋጋ አለው። ከማስረከብህ በፊት ፊቱን፣ ጎኑንና ጀርባውን ፎቶ አንሣ። በሥራ ማዘዣው ላይ «ገጹ፣ ቆጣሪዎቹ፣ ቀለበቱ አይቀየሩ፤ ቤቱ አይወልወል፤ የተቀየረ ክፍል ሁሉ ይመለስልኝ» ብለህ በእጅህ ጻፍና አስፈርም። ከማስፈረምህ በፊት ለእኔ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።