ሳያውቅ የተመለሰ ወጣት ተመለሰ ይባላልን?

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ፣ አንድን ወጣት ሳያውቅ ወደ ጤናማ ምርጫ መምራት ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። ጥያቄውን ያገኘሁት ከቤታችን ነው።

ታናሽ ወንድሜ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሰፈራችን ካለች አንዲት ሱቅ ሲጋራ በፍሬ እየገዛ ማጨስ ጀመረ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ መምከርም መቆጣትም ፈራሁና በስውር ወደ ባለሱቁ ሄጄ «ሲመጣ አልቋል ይበሉት» ብዬ ለመንኋቸው። እሳቸውም እሺ አሉኝ። ወንድሜ ሌላ ሱቅ ፍለጋ አስፋልት ድረስ መውጣት ይሰለቸው ነበርና ጥቂት ቀን ጠይቆ መጠየቁንም ተወው። ሁለት ወር ሳያጨስ ቆየ፤ ሳሉም ቀነሰ፤ እኔም በብልሃቴ ተደሰትሁ።

ይህን የመሰለው ነገር በውጭ አገር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሪቻርድ ቴለር ከካስ ሰንስቲን ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰው ሁልጊዜ አስልቶ እንደማይመርጥ፣ ይልቁንም ቅርብ ያለውንና ዐይኑ ፊት የተቀመጠውን እንደሚያነሣ ያስረዳል። እንግዲያውስ ሳንከለክለው ጎሸም ብናደርገውስ ነው ነገሩ፤ በተማሪዎች ምግብ ቤት ፍራፍሬውን ከፊት፣ ጣፋጩን ከኋላ እንደማስቀመጥ ማለት ነው። ቴለር እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሆኖም ሁለቱ ጸሐፊዎች፣ መንግሥት በአደባባይ ሊናገረው የማይደፍረውን ጉሸማ መሥራት የለበትም ብለው አስጠንቅቀዋል። እኔ ይህን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው።

በእርግጥ ከሊቃውንቱ በፊት ብልሃቱን ነጋዴዎች ያውቁት ነበር። ሙሉ ፓኮ ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ ከታክሲ በተረፈችው ሳንቲም አንዲት ፍሬ ይገዛል፤ ላይተሩም በሱቁ መስኮት ላይ በገመድ ታስሮ ይጠብቀዋል። እንግዲህ «ወጣቱን ተዉት፣ በነጻ ፈቃዱ ይምረጥ» የሚሉን ሰዎች፣ አስቀድሞ ማን እንደጎሸመው ቢያስተውሉ መልካም ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬድዮና ከቴሌቪዥን ሲያነሣ፣ 21 ዓመት ላልሞላውም ትምባሆና አልኮል እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ የወጣቱን ነጻነት ነጠቀ ለማለት ይከብደኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ባለሱቁ በሌሉበት ልጃቸው ተቀምጦ ነበርና ነገሩን ሁሉ እየሳቀ ለወንድሜ ነገረው። ወንድሜ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ የተውሁት እኔ መስሎኝ ነበር» አለኝ። በዚያው ምሽት አስፋልት ድረስ ወጥቶ ገዛ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሳምባ እውነትና ሐሰት አይለይም፤ ሁለት ወር ዳነ አይደል?» ይሉኛል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ልጁ የዐሥር ዓመት ቢሆን ኖሮ ዛሬም ያንኑ አደርግ ነበር። ነገር ግን ከወንድሜ የወሰድሁበት ሲጋራውን ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ የሰፈራችን አረጋውያን ትዝ ይሉኛል። ዘነበወርቅ በሥጋ ደዌ ሕክምናና እ.ኤ.አ. በ1965 በተቋቋመው በአለርት የታወቀ ሰፈር ነው። በበሽታው ምክንያት ከትውልድ መንደራቸው ተገፍተው መጥተው እዚህ የሰፈሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሌላ ሰው ሲወስንባቸው ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የተጣመሩ መድኃኒቶች እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ፣ የበሽታው መድኃኒት ለአራት ሳምንት በየቀኑ ተደርድሮ ታሽጎ ይሰጣል። በወር አንድ ጊዜ የሚዋጠውን ሕመምተኛው በጤና ባለሙያ ፊት ይውጣል፤ የቀረውን ቤቱ ሆኖ ዕለት ዕለት ይወስዳል። ባዶው ጉድጓድ የዋጠበትን፣ ያልተነካው የረሳበትን ቀን ያሳየዋል። ይህም የሰውን ዝንጉነት አውቆ የተሠራ ብልሃት ነው፤ ግን ከሕመምተኛው የተደበቀ ነገር የለውም። ጾማችንም እንዲሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት ከማዕድ የሚነሡት ሁሉም እያወቀ ነውና ልጁ በየሰዓቱ ብቻውን አይታገልም፤ ከበር ወጥቶ መብላት ግን ይችላል።

በፊሊፒንስ አጫሾች ገንዘባቸውን ባንክ እንዲያስቀምጡ፣ ከስድስት ወር በኋላ በሽንት ምርመራ ማጨሳቸው ከታወቀ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት እንዲውል የሚያደርግ ውል ቀርቦላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በዓመቱ በድንገት ሲመረመሩ እንኳ ውሉ ከቀረበላቸው መካከል የተዉት ካልቀረበላቸው በለጥ ብለው ተገኙ። የሚያሳስበኝ ግን ውሉን እሺ ያሉት ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ነው። የቀሩት 89ኙስ? ራሱን በራሱ የሚያስር ጥቂት ነውና ለሌላው በግልጽ የተነገረ ሕግ ሳያስፈልግ አይቀርም። ባለሱቁ «አልቋል» በማለት ፈንታ «ሕጉ አይፈቅድም፣ ልጄ» ቢሉት ኖሮ ወንድሜ ይቆጣ፣ ይከራከር ነበር። ይህን እንዳይሉ ያደረግኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ወንድሜ አንዲት የወተት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ክዳኗን በስቶ የታክሲ ትራፊውን ጨምሮባታል። «ይህን ያዢልኝ፤ ካጨስሁ ለነዳያን ስጪው። ባለሱቁን ግን እንዳታናግሪ፤ እኔው ራሴ አትሽጡልኝ እላቸዋለሁ» አለኝ። እስከ ፋሲካ ድረስ ሁለት ጊዜ አጭሶ፣ ሁለት ጊዜ ራሱ መጥቶ ነገረኝና ቆርቆሮዋን ገልብጠን ሰጠን። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ እየሞላች ነው።